ፍሪጁ በረዶ መሥራት ሲያቆም፦ ማጽዳት፣ አንድ ዕቃ መቀየር፣ ሙሉውን መተካት ወይስ መተው?

የፍሪጅ አይስ ሜከር (በረዶ የሚሠራው ማሽን) የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው፣ የበረዶው መያዣ ባዶ ይሆናል። ውሃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ቱቦው በበረዶ ተደፍኖ፣ ፊልተሩ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ወይም አንድ ሰው ዕቃ ሲያስገባ ማሽኑን የሚያስነሳና የሚያቆመውን የሽቦ ክንድ ሳያውቅ ወደ ላይ ገፍቶት። አንዱ በነፃ ይስተካከላል፣ ሌላው 40 ዶላር ያስወጣል፣ ሌላው 300። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳይለይ ነው። አዲስ አይስ ሜከር ያዝዛል፣ ይገጥማል፣ አንድ ቀን ይጠብቃል፣ መያዣው አሁንም ባዶ ነው። ጉድለቱ ከውሃው እንጂ ከማሽኑ አልነበረም።

እዚህ የምናወዳድረው በአሜሪካ ቤቶች በብዛት የሚገኙትን፣ ከቤቱ የውሃ መስመር ጋር በሩብ ኢንች ቱቦ የተያያዙና በ120 ቮልት የሚሠሩ ፍሪጆች ይዘን ነው። ፍሪጃቸው አዲስ አበባ ያለ አንባቢዎች መጨረሻ ላይ የሚመለከታቸው ክፍል አለ፤ እዚያ ያለው ችግር በአብዛኛው ሌላ ነውና።

ትሪው ምን ይላል?

መያዣውን አውጥተው በስልክ መብራት ውሃው የሚረጋበትን ትሪ ይመልከቱ። ከሦስት ነገሮች አንዱን ያገኛሉ፤ የትኛው አማራጭ እንደሚያዋጣም የሚወስነው ይኸው ነው።

ትሪው ደረቅና ባዶ ከሆነ ውሃ አልደረሰውም። ፊልተር፣ መስመር፣ ቫልቭ (ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው) ወይም የቀዘቀዘ ቱቦ ነው የሚፈለገው፤ አይስ ሜከሩን ለመግዛት አይቸኩሉ። ትሪው በበረዶ ተሞልቶ በረዶው ካልወረደ ውሃውም ቅዝቃዜውም ደህና ናቸው፤ ሥራውን ያቆመው ራሱ ማሽኑ ነው። በትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይረጋ ከቆየ ወይም ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ ከሆነ ደግሞ ፍሪዘሩ በበቂ አልቀዘቀዘም፤ አይስ ሜከሩን ቢቀይሩትም ለውጥ አያመጣም።

ይህ የሚሆነው ማሽኑ ሥራውን በቅደም ተከተል ስለሚሠራ ነው። በብረት ሻጋታ የሚሠራው ዓይነት ሻጋታው ላይ የተለጠፈ ቴርሞስታት አለው፤ ብረቱ ወደ 15 ዲግሪ ፋረንሃይት (−9 ሴልሺየስ) ገደማ ሲወርድ ሞተሩን ያስነሳል። ከሻጋታው ሥር ያለው ማሞቂያ የበረዶውን ጠርዝ በትንሹ ያቀልጠዋል፣ የሚሽከረከሩት ገፊ ጣቶች ስምንት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች አውጥተው ይጥላሉ፣ ከዚያ የውሃው ቫልቭ ለሰባት ሰከንድ ያህል ተከፍቶ ሻጋታውን ይሞላል። በፕላስቲክ ትሪ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ማሞቂያ የለውም፤ ሞተሩ ትሪውን እንደ ጨርቅ ጠምዝዞ ያራግፈዋል። አንድ ዙር እንደ ቅዝቃዜው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ደህና የሚሠራ መደበኛ አይስ ሜከር በቀን የሚያወጣው 3 ፓውንድ (1.4 ኪሎ) ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ጠብቀው «ቀነሰ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያ ብልሽት አይደለም።

ምንም ወጪ የሌለው መጀመሪያ

የሽቦ ክንድ ያለው ከሆነ ክንዱ ወደ ታች ሲወርድ ይሠራል፣ ወደ ላይ ሲነሳ ይቆማል። በስክሪን የሚታዘዝ ከሆነ «አይስ ኦፍ» የሚለው ምልክት በርቶ እንደሆነ ይዩ። የልጆች መቆለፊያ የሚዘጋው በበሩ የሚወርደውን በረዶ እንጂ መሥራቱን አይደለም፤ ስለዚህ መያዣው ሞልቶ በበሩ የማይወርድ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እስራኤል ያላችሁ፣ ፍሪጁ በሰንበት ሞድ ላይ ከተረሳ መብራቱም የውሃና የበረዶ መስጫውም ብዙ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ።

ክንድ የሌላቸው ሞዴሎች መያዣው መሙላቱን የሚያውቁት በሁለት ትይዩ ትናንሽ የመብራት ሴንሰሮች ነው። ውርጭ ወይም የተሰበረ በረዶ ቢሸፍናቸው ማሽኑ «ሞልቷል» ብሎ ይቆማል። ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ቅዝቃዜው ይለካ። የፍሪዘሩ መጠን 0 ዲግሪ ፋረንሃይት (−18 ሴልሺየስ) ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የታዘዘው እንጂ ሁልጊዜ ያለው አይደለምና ከ5 እስከ 10 ዶላር የሚሸጥ ቴርሞሜትር በሁለት የቀዘቀዙ ዕቃዎች መካከል አስገብተው ያሳድሩት። ጠዋት 10 ካነበበ በረዶው ይዘገያል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቴርሞስታቱ ምልክቱን አያገኝም፣ ማሽኑም ዝም ይላል።

በእኛ ቤቶች ፍሪዘሩ የሚሞቅበት አንድ የታወቀ ምክንያት አለ። በአንድ ጊዜ ሠላሳና አርባ እንጀራ፣ ቅቤው፣ ሥጋው፣ የተፈጨው በርበሬ ሁሉ ይደረደርና ከኋላ ግድግዳ የሚወጣው የቀዝቃዛ አየር ቀዳዳ ይደፈናል። ገና ትኩስነቱ ያልወጣ እንጀራ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ጭምር ይገባና ውርጭ ይሠራል። ከቀዳዳው ፊት አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ፣ እንጀራውን ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘው በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስገቡ። ይህ ብቻ የተቋረጠውን በረዶ የሚመልስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በረዶው ቅቤ ቅቤ ወይም በርበሬ በርበሬ የሚሸት ከሆነም ምንጩ ውሃው ሳይሆን በደንብ ያልተከደነው ዕቃ ነው፤ በብዙ ፍሪጆች የፍሪዘሩና ፍሪዘር ያልሆነው ክፍል አየር አንድ ነው፣ በረዶ ደግሞ ሽታ ይስባል።

የበሩን ጎማ ይፈትሹ፤ አንድ የብር ኖት በበሩና በጎማው መካከል አድርገው ዘግተው ሲስቡት ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ጋ አየር ይገባል። ከፍሪጁ ሥር ወይም ከኋላው ያለውን፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣውን የኮንደንሰር ቱቦም ከአቧራ በቫኪዩም ያጽዱ።

ማቅለጥ፦ ርካሹ ግን ምክንያቱን የማይነግረው አማራጭ

ትሪው ደረቅ ሆኖ በበሩ የሚወርደው የመጠጥ ውሃ ደህና ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከኋላ ግድግዳ ወጥቶ ውሃውን ትሪው ላይ የሚጥለው መሙያ ቱቦ ነው። ጫፉ በነጭ በረዶ ተደፍኖ ይታያል፤ ባይታይም ትንሽ ጠለቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።

አይስ ሜከሩን ያጥፉ፣ የፍሪጁን ስፒና ይንቀሉ፣ መያዣውን አውጥተው ከሥሩ ፎጣ ያንጥፉ። ሙቅ ውሃ (የፈላ ሳይሆን) ያለ መርፌ በትልቅ ሲሪንጅ እየቀዱ ወደ ቱቦው አፍ ደጋግመው ይርጩ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ በዝቅተኛ ሙቀት፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው፣ እጅዎን እያንቀሳቀሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ካቆሙት ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ማድረቂያውም ከሚንጠባጠበው ውሃ ይራቅ። በቢላ ወይም በካቻቢቴ መፈልፈል ፈጽሞ አይገባም። ፍሪዘራቸው ከታች ሆኖ አይስ ሜከሩ ፍሪዘር ባልሆነው በላይኛው ክፍል በሚገኝ አንዳንድ ባለ ሁለት በር ፍሪጆች የጋዙ ቱቦ ራሱ ከትሪው ሥር ያልፋል። እሱ ከተበሳ ጉዳዩ የአይስ ሜከር መሆኑ ቀርቶ የፍሪጁ ይሆናል፤ አሜሪካ ውስጥ የጋዝ መስመሩን መክፈት የሚችለው በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደንብ ክፍል 608 ፈቃድ ያለው ቴክኒሽያን ብቻ ነው።

ማቅለጡ ከተሳካ ደስታው ለአጭር ጊዜ እንዳይሆን ቱቦው ለምን እንደቀዘቀዘ ይጠይቁ። ጤነኛ ቱቦ ሞልቶ ሲያበቃ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የሚቀዘቅዘው ቫልቩ አጥብቆ ሳይዘጋ ጠብ ጠብ ሲል ነው፤ ጠብታው በጫፉ ላይ ይረጋል፣ በላዩ ሌላ ይረጋል፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ይደፈናል። ለማረጋገጥ ቱቦውን ካጸዱ በኋላ አይስ ሜከሩን እንዳጠፉ ፍሪጁን መልሰው ይሰኩ፣ ደረቅ የወረቀት ፎጣ ከቱቦው ጫፍ ሥር አድርገው ያሳድሩ። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የበረዶ ጠብታ ካለ ቫልቩ ያፈስሳል። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ማቅለጡ በቂ ነበር ማለት ነው።

የሚያፈስስ ቫልቭ ሁልጊዜ ያረጀ ቫልቭ አይደለም። ይህ ቫልቭ የሚዘጋው የውሃው ግፊት ራሱ ከኋላ ሲደግፈው ነው፤ ግፊቱ ከ20 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) በታች ሲወርድ አዲስም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተገጠመ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ባለባቸው ቤቶች ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ወደ ማጣሪያው የሚገባው ግፊት ቢያንስ ከ40 እስከ 60 ፒ ኤስ አይ መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ የፍሪጁ ፊልተር ከተደረበ ግፊቱ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። እንዲህ ባለ ቤት የፍሪጁን ፊልተር አውጥቶ በቦታው ውሃውን ሳያጣራ የሚያሳልፈውን ማለፊያ መሰኪያ ማድረግ ቫልቭ ከመግዛት ይቀድማል።

የውሃው መንገድ፦ ፊልተር፣ ቱቦ፣ ቫልቭ

ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። በበሩ ውሃ የሚሰጥ ፍሪጅ ከሆነ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሥሩ ይያዙና ሰዓት ይቁጠሩ። 30 ሰከንድ አልፎት ካልሞላ ፍሰቱ ደካማ ነው። ፊልተሩን አውጥተው (ሞዴሉ የሚፈልግ ከሆነ በማለፊያ መሰኪያ ተክተው) እንደገና ይቁጠሩ። ፍጥነቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ፊልተሩ ነው። ቁራጮቹ ትናንሽ፣ ቀጫጭን ወይም ውስጣቸው ክፍት መሆን ከጀመሩም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቫልቩ በሰዓት ስለሚዘጋ በዚያ ጊዜ ውስጥ የደረሰው ውሃ ብቻ ነው የሚረጋው። በተቃራኒው መካከላቸው ደመና የመሰሉ ቁራጮች ጉድለት አይደሉም፤ በውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው።

ፊልተር በየ6 ወሩ ይቀየራል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ባለበት ከዚያም ቀድሞ። የፋብሪካው ፊልተር ከ40 እስከ 60 ዶላር፣ በሌላ ድርጅት የተሠራው ከ12 እስከ 25 ዶላር ገደማ ነው። ምርጫችን በዋጋው ሳይሆን በተጻፈበት ማረጋገጫ ላይ ይመሠረታል፦ ኤን ኤስ ኤፍ በተባለው ድርጅት መለኪያ 42 የሚለው ክሎሪንና ጣዕምን፣ 53 የሚለው ደግሞ እንደ እርሳስ ያሉ ጤና የሚጎዱ ነገሮችን ይመለከታል። 53 ያለው ርካሽ ፊልተር 42 ብቻ ካለው ውድ ፊልተር ይሻላል። ምንም ማረጋገጫ የሌለውን ግን በ8 ዶላር ቢሸጥም አይግዙ፤ በልኩ ሳይቀመጥ ሊያፈስስ ይችላል። አዲስ ፊልተር ከገባ በኋላ 3 ጋሎን (11 ሊትር) ገደማ በበሩ አፍስሰው አየሩንና የከሰል ብናኙን ያውጡ።

ፊልተር አውጥተውም ፍሰቱ ካልተመለሰ ፍሪጁን ከግድግዳው ይሳቡ። ሲገፋ የተጣጠፈ ቱቦ እዚህ ይገኛል። የውሃውን መዝጊያም ይዩ፤ በመዳብ ቧንቧ ላይ በቅንፍ ታስሮ በመርፌ ቧንቧውን የሚበሳው ዓይነት ከሆነ የጭንቀታችሁ ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በዝገትና በኖራ ይደፈናል፤ ብዙ ከተሞች በግንባታ ደንባቸው ከልክለውታል። በሩብ ዙር በሚከፈት መደበኛ መዝጊያ ማስተካት ትንሽ የቧንቧ ሥራ ቢጠይቅም ችግሩን ለዘለቄታው ይፈታል። ቱቦውን በተመለከተ ከሦስቱ ዓይነቶች ነጩ ፕላስቲክ በጥቂት ዓመታት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ መዳብ ረጅም ዕድሜ አለው ግን በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በማይዝግ ብረት የተጠለፈው ከ15 እስከ 25 ዶላር አውጥቶ ሁለቱንም ይበልጣል። ቱቦ ሲቀየር ዳዶውን በእጅ አጥብቀው በመፍቻ ግማሽ ዙር ብቻ ይጨምሩ፤ ከዚያ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ጎማ ይጨፈለቃል።

አሁን ቱቦውን ከፍሪጁ ነቅለው ወደ ባልዲ ሲከፍቱት በኃይል ከፈሰሰ፣ ትሪው ግን ደረቅ ከሆነ የቀረው የመግቢያ ቫልቩ ነው። ከኋላ ታች ጥግ ላይ ይገኛል። ድምፁ ይመራል፦ ዙሩ ሲያልቅ ለሰባት ሰከንድ ያህል «ዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ውሃ ካልመጣ ቫልቩ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፣ የተደፈነው ውስጡ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ወይ ጠምዛዛው ሽቦ ተቃጥሏል ወይ ትእዛዙ ከአይስ ሜከሩ አልመጣም። ስፒናውን ነቅለው፣ የሽቦውን መሰኪያ አውጥተው፣ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኦም ላይ አድርገው ሁለቱን እግሮች ይለኩ፤ ጤነኛ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ኦም ያነባል። መልቲሜትሩ የተቋረጠ መስመር ካሳየ ይቀየራል። ቫልቩ ሁለት ወይም ሦስት ጠምዛዛ ሽቦ ሊኖረው ስለሚችል የአይስ ሜከሩን ይለዩ፤ አንዱ ለመጠጥ ውሃ ነው።

አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት አጽድቶ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን የገፋነው ደለል ወደ ውስጥ ገብቶ ቫልቩን እንዳይዘጋ ሊያደርገው ስለሚችል ወለሉ ላይ ውሃ የሚያመጣ ቁጠባ ነው። ቫልቩ ከ25 እስከ 80 ዶላር ነው፤ ቀይሩት። ውሃውን ዘግተው፣ ሽቦውንና ቱቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንስተው፣ ቪሶቹን ፈትተው ያወጡታል። የፕላስቲክ ቱቦው ጫፍ ከተጎዳ ቀጥ አድርገው በስለት ይቁረጡት፤ ዘመም ብሎ የተቆረጠ ጫፍ በግፊት መገጣጠሚያው ውስጥ ያፈስሳል።

ትሪው ሞልቶ ካልወረደ፦ ቁራጩን ወይስ ሙሉውን?

እዚህ ላይ ነው አዲስ አይስ ሜከር መግዛት ትርጉም የሚኖረው። ገፊ ጣቶቹ መንገድ ላይ ቆመው ከቀሩ፣ ሞተሩ እየተንጫጫ ካልዞረ፣ ወይም በረዶው ውስጥ ከሻጋታው የተላጠ ግራጫ ቅርፊት ከታየ ማሽኑ ጊዜው ደርሷል። ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ፦ ብዙ ሞዴሎች ከሥራቸው ወይም ከጎናቸው የመሞከሪያ ቁልፍ አላቸው፤ ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ተጭነው ሲይዙት አንድ ዙር በግድ ይጀምራል። ዞሮ ውሃ ከሞላ ሞተሩ ይሠራል፣ ጉድለቱ ወደ ቅዝቃዜው ወይም ወደ ሴንሰሩ ይመለሳል። በድሮዎቹ ባለ ብረት ሻጋታ ሞዴሎች ላይ «ቲ» እና «ኤች» የተባሉ ሁለት የመለኪያ ቀዳዳዎችን በሽቦ በማገናኘት የሚደረገው ሙከራ በቀጥታ 120 ቮልት ላይ ስለሆነ ለባለሙያ ይተው።

የሞተሩን ራስ ብቻ፣ ወይም ቴርሞስታቱን ብቻ ገዝቶ መቀየር ይቻላል። ዋጋው የሙሉው ግማሽ ቢሆንም ሻጋታው፣ ማሞቂያው፣ ሽፋኑ የድሮ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ መፈታታቱም ሁለት ሰዓት ይበላል። ለባለ ብረት ሻጋታው ሙሉው ከ60 እስከ 150 ዶላር በሚገኝበት ጊዜ ቁራጩ አያዋጣም። በላይኛው ክፍል ላለው ከ100 እስከ 250 ዶላር ነው። አዲሱ የሚታዘዘው በፍሪጁ የሞዴል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪዘር ባልሆነው ክፍል የውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በመልክ ተመሳስለው በመሰኪያ የሚለያዩ አሉና «ይመስላል» ብለው አይግዙ። መግጠሙ ግን ቀላል ነው፦ ስፒናውን ነቅለው ሁለት ወይም ሦስት ቪስ ያላላሉ፣ አንድ የሽቦ መሰኪያ ይነቅላሉ፣ አዲሱን በዚያው ይሰቅላሉ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ይዩ፤ ወደ ጎን ያዘመመ ትሪ ውሃውን አፍስሶ መያዣውን አንድ ድፍን ድንጋይ ያደርገዋል።

በላይኛው የፍሪጅ ክፍል ውስጥ ያለ የአይስ ሜከር ሳጥን በየወሩ በውርጭ የሚሞላ ከሆነ ማሽኑን መቀየር ብቻውን አይፈውሰውም። ሳጥኑ ያለው በ37 ዲግሪ ፋረንሃይት ክፍል ውስጥ ነው፤ በትንሽ ክፍተት የሚገባ እርጥብ አየር ወደ ውርጭ ይለወጣል። ክፍተቱን ማግኘትና ማሸግ ይቀድማል፤ ይህ ደግሞ ባለሙያ የሚገባበት ሥራ ነው።

ባለሙያ መጥራት

ፍሪጁ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ዋስትናው አለ፤ ምንም አይፍቱ። የተከራዩት ቤት ፍሪጅ ከሆነም እንዲሁ፦ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁና ይጠብቁ። በራስዎ ነክተው ቱቦው ቢለቅ፣ ውሃው ከሥር ያለውን ጎረቤት ጣሪያ ቢያበላሽ ተጠያቂው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያ ውጭ ቴክኒሽያን ማስመጣቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 150 ዶላር ያስከፍላል። ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የምርመራው ክፍያ ከጥገናው ይታሰባል ወይ፣ የሚገጠመው ዕቃ ስንት ጊዜ ዋስትና አለው። ትሪው ምን እንደሚመስልና የለኩትን ቅዝቃዜ ከነገሩት በአንድ ጉብኝት ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። ፍሪጁ 10 ዓመት አልፎት የጥገናው ጥያቄ የአዲሱን ግማሽ ካለፈ ግን ገንዘቡን አያውጡበት።

መተው

ሌላው የፍሪጁ ክፍል ደህና ከሆነ አይስ ሜከሩን ማጥፋት ነውር የለውም። ውሃውን ከኋላ መዝጋትን አይርሱ፤ ውሃ ተዘግቶ ማሽኑ እንደበራ ከቆየም ቫልቩ በየዙሩ በከንቱ ስለሚንጫጫ ሁለቱም አብረው ይጥፉ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አይስ ሜከር ከ80 እስከ 150 ዶላር ነው። የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣል፣ በቀን 26 ፓውንድ ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ ነው፣ የውሃ መስመርም አይፈልግም። ግን ፍሪዘር አይደለም፤ መያዣው ስለማይቀዘቅዝ በረዶው ቀልጦ ወደ ገንዳው ይመለሳል፣ ወዲያው ወደ ፍሪዘር ማዛወር ያስፈልጋል። በየጊዜው ከኖራ ካልጸዳም ዕድሜው አጭር ነው። ለሁለት ሰው ቤት ክዳን ያላቸው አራት የሲሊኮን ትሪዎች በ20 ዶላር ይበቃሉ ብለን እናምናለን። ሠርግ ወይም ክርስትና ካለ ደግሞ የትኛውንም አይጠብቁ፤ ለአንድ እንግዳ አንድ ፓውንድ ያህል ስለሚታሰብ ለ60 ሰው ከሱቅ ስድስት ባለ 10 ፓውንድ ከረጢት መግዛት ነው።

አዲስ አበባ ላይ

እዚህ ዋናው ጥያቄ ግፊት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ፍሪጁ የሚጠጣው ከሮቶ ነው፤ ሮቶ ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታው የሚሰጠው 1.4 ፒ ኤስ አይ ብቻ ነው። ከፍሪጁ 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ 8.5 አካባቢ ይሰጣል፤ ለ20 እንኳ 14 ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ትናንሽ ቁራጮችና የቀዘቀዘ መሙያ ቱቦ እዚህ የቫልቭ ሳይሆን የከፍታ ጉዳይ ናቸው፤ በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ከፊቱ ደለል ማጣሪያ ተደርጎለት ካልተገጠመ አዲስ ቫልቭም ይደገማል። ፍሪጅ ገና የሚገዙ ከሆነ የውሃ መስመር የማይፈልገውን፣ በራሱ ጋን በእጅ የሚሞላውን ወይም ትሪው በእጅ የሚጠመዘዘውን ይምረጡ።

ከአሜሪካ የተላከ ባለ 120 ቮልት ፍሪጅ በትራንስፎርመር ሲሠራ ቮልቱ ይስተካከላል፣ ድግግሞሹ ግን 60 መሆኑ ቀርቶ 50 ኸርዝ ይሆናል። በድሮ ሞዴሎች ውስጥ የውሃውን ጊዜ የሚቆጥረው ሞተር በዚህ ልክ ስለሚዘገይ 7.5 ሰከንድ የነበረው ሙሌት 9 ሰከንድ ይደርሳል፤ ግፊት ባለበት ቤት ትሪው ሞልቶ ይፈስሳል። የሙሌት መጠን ማስተካከያዋን ቪስ ወደ መቀነሻው ምልክት ግማሽ ዙር እያዞሩ ከሁለት ዙር በረዶ በኋላ ማየት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም መያዣውን ባዶ ያድርጉት፤ ቀልጦ እንደገና የረጋው ክምር በረዶ የሚገፋውን ጠመዝማዛ ብረት ይይዘዋል፣ ሞተሩንም ያቃጥላል።

የትኛውንም ዕቃ ከቀየሩ በኋላ 24 ሰዓት ይጠብቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች በረዶ ይድፉ። ፍሪጁን ግን ወዲያው ወደ ግድግዳው አይመልሱት፤ ከነካችሁት መገጣጠሚያ ሁሉ ሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፈው ያሳድሩና ጠዋት በእጅዎ ይዳስሱት።